በኦሉፍና በማርጊት መቃብር ላይ ስለቆሙት ሦስት ሽንት ቤቶች

ለክቡር ሚስተር ዴልበርት ክሩዘ
የቲምበር ፎርክ አቅኚ ሰፋሪዎች ሙዚየምና የቅርስ ሥፍራዎች ቦርድ ሰብሳቢ
ነብራስካ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። አፍንጫዎ ጤነኛ እንዲሆንልዎማ አልመኝም፤ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተገደድኩ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የዘጠና አንድ ዓመት አክስቴን ራግና ሃውገንን ይዤ የተወለደችበትን ቤት ላሳያት መጥቼ ነበር። ቤቱን የሠሩት አያቶቼ ናቸው፤ የሜዳውን አፈር ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረደሩ። ከነመሬቱ ለሙዚየሙ የሰጠነውም እኛው ነን። ስለ አያያዝዎ ያለኝን ምስጋና እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቤቱን ስላሳመሩልን እናመሰግናለን። የአፈሩ ግድግዳ ፈርሶ በሲሚንቶ ተተክቷል፤ በሲሚንቶውም ላይ የፕላስቲክ ሣር ተለጥፏል። አክስቴ በመዳፏ ዳሰሰችውና «ይሄን ላም እንኳ አትበላውም» አለች።

፪. በነጭ ባርኔጣ ያጌጠው አስጎብኚዎ «እዚህ የኖሩት ሰዎች ንጹሕ አየር እየተነፈሱ በሽታ ሳያውቁ ኖሩ» በማለት ስላስተማረንም ምስጋናችን ወሰን የለውም። የአክስቴ ታላላቆች ኦሉፍና ማርጊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉሮሮ በሚዘጋው በሽታ፣ በዘጊ አናዳ፣ ታንቀው ሲሞቱ እሱ የት እንደነበር ባላውቅም፣ እርስዎ ግን መቃብራቸው ከቤቱ ጀርባ መሆኑንና መቼም እንደማይነካ ፈርመው ተረክበዋል።

፫. የመቃብሩ የብረት አጥር ተነቅሎ፣ ጠጠር ተደፍቶበት፣ ሦስት ሰማያዊ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶች ቆመውበት አገኘን። መካከለኛው ያፈሳል። የሚያፈሰው በሁለት ሕፃናት ላይ ነው፤ አንደኛዋ ገና ጥርስ አላወጣችም ነበር።

አክስቴ አላለቀሰችም። ከዘራዋን ጥላ፣ ጠጠሩ ላይ ከመካከለኛው ሽንት ቤት በር ሥር ተቀመጠች።

አስጎብኚው እየሮጠ መጥቶ «እማማ፣ ይነሱ እንጂ! ሰው ተሰልፏል እኮ!» አላት።

«እኔም ተሰልፌያለሁ፤ ተራዬ ከማርጊት ቀጥሎ ነው» አለችው።

ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጣ ጸለየች። ሰልፉ ላይ ከነበሩት አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ነገሩን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። አስጎብኚው ደውሎልዎ «ሽንት ቤቶቹ ሌላ ቦታ ቢቆሙ ለጎብኚ ይርቃሉ» ማለትዎን በጆሮዬ ሰማሁ። ሕዝብ እንዳይደክም ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰብሳቢ ስለሰጠን አምላክን አመሰገንሁ፤ አክስቴንም ተሸክሜ መኪና ውስጥ አስገባኋት።

ከዚህ በኋላ ምንም እንዲያደርጉ አልጠይቅዎትም፤ አንዴ ፈርመውልን አይተነዋልና።

ለእርስዎ ከሚገባው እጅግ በበለጠ አክብሮት፣
ቨርና ሃውገን፣ ጡረታ የወጣች መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቻችን በትራክተር መጥተው መቃብሩን አጽድተዋል፤ አክስቴም ቆማ አዝዛቸዋለች። የሙዚየሙ ንብረት አልጠፋም፤ ሦስቱም ሽንት ቤቶች በክብር ታጅበው ከቢሮዎ መስኮት ሥር ቆመዋል። በመንገድ ላይ ትንሽ ስለተናወጡ፣ ለጊዜው መስኮቱን ባይከፍቱት ይሻላል።