ካሳቫ በማርማላታ ጠርሙስ

ሰኞ፣ ግንቦት 2009፣ ጁባ

ስድሳ የታሸገ ጠርሙስ፣ ስድሳ የካሳቫ ችግኝ። ሁሉም ከበሽታ ነጻ። እትዬ አስካለ የሆቴላቸውን ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ባይሰጡኝ፣ ጓዳቸውንም ባይለቁልኝ፣ እዚህ ሃይ ማላካል ሰፈር ይህን ሥራ የት እሠራው ነበር? ችግኙን የምትጠብቀው ገበሬ ማማ ፖኒ ዛሬም መጣች። ቅጠል የሚያጨማድደው በሽታ ሁለት ዓመት ማሳዋን ጨርሶባታል። መሬቱን ቆፍራ ዝናቡ ሳያልፍ ልትተክል ትጠብቃለች። አንድ ወር ታገሺኝ አልኳት። "ማፊ ሙሽኪላ" አለች፤ ችግር የለም ማለቷ ነው። ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም።

ስወጣ እትዬን ስለ ችግኞቹ "ይጸልዩላቸው" አልኳቸው። ለወጉ ነው።

ረቡዕ

ሦስት ጠርሙስ ውስጥ ሻጋታ። እጄን በአልኮል ጠርጌ፣ ጀርም እንዳይገባ እሳት አጠገብ ነው የሠራሁት። ከየት መጣ?

ሐሙስ

የሻገተው አርባ ዘጠኝ ደረሰ። ክዳናቸው ላልቷል፤ ሰው ከፍቷቸዋል። "አትክፈቱ" ብዬ በሦስት ቋንቋ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ እኮ! ዘበኛው አላየም፣ የጽዳቷ ሴት አልነካችም። የስድስት ወር ልፋቴ! ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ አንሥቼ ነው እዚህ ያደረስኳቸው። ንድድ ብሎኛል።

ዓርብ

እትዬ ራሳቸው ነገሩኝ፣ ያውም ደስ ብሏቸው። "ልጄ፣ ውሃ ረስተህባቸው ነበር። ጠበል ጠብ ጠብ አደረግሁላቸው። ጸልዩላቸው ብለኸኝ የለ?" እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ችግኙ የሚመገበው ስኳር አለ፤ የውጭ አየር እንኳ ከገባ ይሻግታል። ጠበል ለበሽተኛ እንጂ ለዚህ ማን አለ? ግን በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ እንዴት ይጮኻል? ጓሮ ወጥቼ ባልዲውን በእርግጫ አልኩት። እግሬ አብጧል።

ቅዳሜ

ሻጋታው እንዳይዛመት አርባ ዘጠኙን ቀቅዬ ደፋሁ። ከታችኛው መደርደሪያ አሥራ አንድ ንጹሕ ተርፈዋል። ከእነሱ እየቆረጥኩ አባዛለሁ፤ ለዘንድሮ ዝናብ ግን አይደርስም። ለማማ ፖኒ ነገርኳት። "እንግዲያው ለውዝ እዘራበታለሁ። ካሳቫዬን እንዳትረሳ" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ እትዬ ገብተው አሥራ አንዱን አዩና አዘኑ። "እነዚህንማ ጠበሉ አልቆብኝ ሳልደርስላቸው ቀረሁ። ነገ ከቅዳሴ ስመለስ አመጣላቸዋለሁ።"

እሺ አልኳቸው። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ የገዛሁት ጓጉንቸር በሩ ላይ ነው። ቁልፉን አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ።