የሞላው ዲስክ

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ ረፋድ

ዛሬም ያው። ሰርቨር ክፍል ገባሁ፤ ኤ.ሲው ይንጣጣል፣ ዲስኩ ሞልቶ ምልክቱ ቀይ ነው። ኮሌጁ ያለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር። ውስጡ እያንዳንዳቸው ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች፦ የሬጅስትራሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱና የእኔ የመመረቂያ ሥራ። ከሬጅስትራሩ የድሮ ፋይል በገፍ ሰረዝኩ። የዋናው ዲስክ ቦታ ንቅንቅ አላለም። ቨርቹዋል ማሽን ክፉ ተከራይ ነው፤ ዕቃውን አውጥቶም ክፍሉን አይለቅም።

ማስታወሻዬ፣ የእኔዋንስ አልነካም። ወር መጨረሻ ላይ ካስረከብኳት የርቀት ትምህርቴ አለቀ። ደሴ ሥራ ይጠብቀኛል። እማዬም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ቦታ በላተኛውን አገኘሁት። ሁመድ! ባልደረባዬ፣ የዚሁ አገር ልጅ። በሙቀቱ ምክንያት መ/ቤቱ ቀትር ላይ ተዘግቶ አመሻሽ ይከፈታል። እሱ ታዲያ መብራት ይጠፋል ብሎ፣ ለቀትር ከመውጣቱ በፊት ሁሌ የሬጅስትራሩን ማሽን ስናፕሾት ያነሳል፤ ማሽኗ በዚያ ሰዓት ያለችበትን የሚያስቀር ቅጂ። አንዱንም አጥፍቶ አያውቅም። ስማቸው ኢንሻአላህ 1፣ ኢንሻአላህ 2... ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ።

ስጠይቀው ረጋ ብሎ፣ ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ ተብሏል አለኝ። አንዲት ግመል በስንት ገመድ ትታሰራለች አልኩት። ሳቅን። ታዲያ ከፎልደሩ እንሰርዛቸው ሲል ጮህኩበት። የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን መዝዞ መጣል ማሽኗን መግደል ነው። ከዋናው ፋይል ጋር መዋሃድ አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12፣ ጧት

ባዶ ቦታ አልቆ የሬጅስትራሩ ማሽን ቆመች። ሐሊማ የምትባል ምሩቅ ከአሳይታ መጥታ በር ላይ ቁጭ ብላለች። ነገ አዋሽ ከተማ ሥራ ልትቀጠር ነው፤ ውጤቷ ያለው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ፋይል አውጥቼ የማስቀምጥበት ኤክስተርናል ዲስኬ በሙቀቱ ከሞተ ሰንብቷል። አዲሱ ግዥ ላይ ነው ይላሉ። ቤተ መጻሕፍቱን አልነካም፤ ተማሪው ፈተና ላይ ነው። የቀረችው አንዲት ናት፤ የእኔዋ። ሁመድ ገብቶታል። አታድርጊው፣ ሌላ መላ እንፈልግ አለኝ። አብረን ፈለግን። አልተገኘም።

ያው ቀን፣ ቀትር ሲቃረብ

አጠፋኋት። ዲስኩ ላይ ቦታ ተገኘ። ውህደቱ ተጀመረ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም ከንቱ። ሁመድ ለቀትር አልወጣም፤ በዚህ ሐሩር ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሟል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ማሽኗ ትናንት አመሻሽ ተነሳች። ሐሊማ ወረቀቷን ይዛ፣ አላህ ይስጥሽ ብላኝ ሄደች። ዛሬ ጧት ሁመድ ስናፕሾት አጠፋፍ አስተምሪኝ አለ። አስተማርኩት። ጽሑፌ ፍላሽ ላይ አለ፤ ሥራውን ግን እንደ አዲስ መገንባት ነው። ማስረከቢያዬ ለሚቀጥለው ዙር ይዛወርልኝ ብዬ አመለከትኩ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ለእንቁጣጣሽ ጠቅልለሽ አትመጪም ማለት ነው አለች። አይ፣ አልደርስም አልኳት። ከዚያ፣ ሙቀቱስ እንዴት ነው አለችኝ።