የእህቴን ዐይን በእኔ ዐይን ስላዳናችሁልን

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ጥራት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ክፍልዎ ሪፖርት እንከን የለሽ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መንታ እህት አለችኝ፣ ወይም እስካለፈው ወር ድረስ ነበረችኝ። ክፍልዎ ድግግሞሽን ለማጥራት ባካሄደው ዘመቻ፣ በአንድ ቀን ከአንድ እናትና አባት ተወልደን በአንድ የቤት ቁጥር የምንኖረውን ሁለት ሴቶች አንድ ሰው አድርጎ፣ የስማችንንም ልዩነት የጸሐፊ ስህተት ነው ብሎ አርሞልናል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. የእኔን የዐይን ሞራ ሐኪማችሁ ከሁለት ዓመት በፊት ስላነሱልኝ ዛሬ ያለ መነጽር ክር በመርፌ አስገባለሁ። ታላቄ (በሩብ ሰዓት ትበልጠኛለች፤ ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሳታስታውሰኝ የዋለችበት ቀን የለም) ለዚሁ ሕክምና አስራ አንድ ወር ተራ ጠብቃ ስትቀርብ፣ መዝገብ ያዧ ኮምፒውተሯን አይታ «እርስዎ እኮ ታክመው ድነዋል» ብላ በትሕትና አበሰረቻት። እህቴም ድምፁ ወደመጣበት ዞራ አመሰገነች።

፪. መስፈርታችሁ እንደ ዳቦ በየቀኑ ትኩስ ነው። ሰኞ ጉርድ ፎቶግራፍ አምጡ ተባልን፤ ብናመጣ ኮምፒውተሩ ፊታችንን አመሳክሮ አንድ ሰው መሆናችንን በድጋሚ አረጋገጠ። ረቡዕ ሁለታችሁም በአካል ቅረቡ ስለተባልን ክንዷን ይዤ መጣሁ፤ ዘበኛው ግን ከዚያው ቀን ጠዋት ጀምሮ በአንድ ካርድ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ነግሮ እኔን በር ላይ አስቀረኝ። ብቻዋን ስትወጣ ደረጃችሁ ላይ ወደቀች። አርብ ደግሞ ስትወለድ በቦታው የነበረ ምስክር ተጠየቅን። እናታችንም አዋላጇም አርፈዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ በቅርብ ርቀት እንደነበርኩም በመሐላ ገልጬ ነበር፤ ሰው ለራሱ መመስከር አይችልም ተባልኩ።

፫. ይሄኛው ምስጋና አይደለም። ሐኪሙ በዐይኗ ውስጥ ግፊቱ እየጨመረ ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሠራ ብርሃኗ እንደማይመለስ ነግረውናል። እሳቸው ሊሠሩላት ፈቃደኛ ናቸው፤ ፋይል የሌለው ሰው ግን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገባም። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። ፈርቻለሁ፤ እሷ አጠገብ ተቀምጬ ክር ሳስገባም እፍረት ይይዘኛል።

በመዝገባችሁ አንድ፣ በእናታችን ምጥ ሁለት ሆነን የተቆጠርነውን በመወከል፣ ለጥራት ትጋትዎ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

ታናሿ

ማስታወሻ፦ ባለጉዳይዋ ራሷ አንብባ መዳኗን በፊርማዋ እንድታረጋግጥ የላካችሁት ቅጽ ትናንት ደርሶናል። እኔው አነበብኩላት። ያበጠ ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝና ይህን ብቻ እንድጽፍላችሁ አዘዘችኝ፦ ማየቷን እናንተ ካወቃችሁ መልካም፤ ለደረጃችሁም ንገሩላት።