ሊንዴልዋን አትጠይቂያት

ኮፊምቫባ
ኦገስት 13 ቀን 2018

ልጄ ዞሌካ፣ የኔ ጠበቃ፣

ስልክ ላይ «አባዬ፣ ዋናውን ንገረኝ» እያልሽ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩት። ነገ ወደ ጆሃንስበርግ በሚወጣው ሚኒባስ ሹፌር እልከዋለሁ። ስለ ክሱ ለማንም እንዳታወራ ብለሽኛል፤ ለእናትሽ እንኳ አላወራሁም። እሷ ከሁሉም ቀድማ አውቃለች፤ ያ የኔ ጥፋት አይደለም።

በተራ ላስቀምጥልሽ።

አንደኛ፣ የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ሹራብ እየሠራችልሽ ነው፤ እጅጌው ረዝሟል፣ ዝም ብለሽ ልበሺው።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹን የማመላልስበት መኪና ቆሟል። መንጃ ፈቃዴን ከወሰዱብኝ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ የደሙ ነገር። «ሕጉ የመጠጥ ምርመራው ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወሰድ ይላል፤ አንተን ከተያዝክ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው የወሰዱት፤ በዚህ ብቻ ነጻ አወጣሃለሁ» ብለሽኛል። ልክ ነሽ። ዘጠኝ ከሩብ ተያዝኩ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ክሊኒክ ገባን። ለምን እንደዘገየን ግን አልነገርኩሽም።

በተያዝኩበት ቅዳሜ ሽማግሌውን ጎረቤታችንን ቀብረን ስንመለስ ለመቃብር ቆፋሪዎች የሚቀርበው ጠላ መጣ። ጣሳው ሲደርስህ ካሳለፍከው ከሟቹ ተጣልተህ የቀረህ ትመስላለህ። ሦስቴ ተቀበልኩ። ከዚያ እማማ ኖፊኒሽን ቤቷ ላደርስ ተነሳሁ። ያስቆመችን ፖሊስ ሊንዴልዋ ናት፤ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ያመላለስኳት።

«አባባ፣ መስኮቱን ሳይከፍቱት ሸተተኝ» አለችኝ።

«እንግዲህ ያዥኛ።»

«እሱማ ይዤዎታለሁ። እማማን ግን መንገድ ላይ ጥያት አልሄድም።»

አሮጊቷ ከኋላ ሆና፣ «እኔም ከቀብሩ ቤት የሰጡኝን ሥጋ ጥዬ አልወርድም» አለች።

ሊንዴልዋ በፖሊስ መኪና ወንዙን አሻግራ እስከ ደጇ አደረሰቻት፣ እኔንም አብራ ይዛ። ሰዓቱ ያለቀው እዚያ ነው።

ችሎት ላይ «ለምን ዘገየሽ?» ስትያት ወይ ትዋሻለች ወይ ሥራዋን ታጣለች። መዋሸት ደግሞ አትችልበትም።

ልጄ፣ ጠጥቻለሁ፤ ነድቻለሁም። የፊታችን ሰኞ ችሎት ላይ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ። ቅጣቱን እንዲያቀሉልኝ ለምኚልኝ፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ልጅ ጭረት እንዳልነካው ንገሪያቸው። ሊንዴልዋን ግን ምንም አትጠይቂያት። እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ቤት ስንገባ ተቆጪኝ።

ቀስ ብለሽ ንጂ። ያለፉት አያት ቅድመ አያቶችሽ እየጠበቁሽ ከፊት ከፊትሽ ይሂዱ።

አባትሽ
ምንሴዲሲ

አራተኛ፣ ረስቼው፦ ችሎት ቆመሽ ስትናገሪ አይቼሽ አላውቅም። ከተከሳሽ ሳጥን ሆኜ ፊትሽ ይታየኝ እንደሆነ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ጠየቅኩት። በደንብ ይታይዎታል አለኝ።