አራት ሚሊሜትር ስለወፈረው የጀልባችን መሪ

ለተከበሩ የባለሸራ ጀልባዎች ፍተሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ
በክበባችን የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። ረቡዕ ጠዋት በጀልባ ማደሪያው እርጥብ ወለል ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተንበርክከው ሲለኩ ስለቆዩ፣ ጉልበትዎ እንደምን ሆነልዎ ብዬ ከልብ እጠይቃለሁ። እኔና ታላቅ እህቴ ከውድድሩ ከመታገዳችን በቀር ደህና ነን።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በክበባችን የሚወዳደሩት አሥራ አንድ ጀልባዎች በሙሉ በአንድ ንድፍ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ይህም የሆነው ሰው ከሰው ጋር እንዲወዳደር እንጂ ጀልባ ከጀልባ ጋር እንዳይወዳደር ነው። ንድፉ፣ ከኋላ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረው መሪ ውፍረቱ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ይሁን ይላል። የእኛ መሪ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ነው። የቀሩትን አሥሩን ግን ባለቤቶቻቸው፣ ቀጭን መሪ ውሃውን ቶሎ ይሰነጥቃል በሚል በየዓመቱ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ሲፍቋቸው ኖረው፣ ይኸው አሥራ ስምንት አድርሰዋቸዋል። እርስዎም በረቡዕ ፍተሻዎ ጥፋተኞቹን አላጧቸውም፤ እኛ ሆነን ተገኘን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. የንድፉ ወረቀት ያለበት ቁም ሳጥን እንደተቆለፈና ቁልፉም ፈቃድ ከወጣችው ጸሐፊ ጋር አብሮ እንደሄደ በታላቅ ሐዘን ካስታወቁን በኋላ፣ እጅዎን አጣጥፈው ከመቀመጥ ይልቅ ጀልባዎቹን እርስ በርሳቸው በማነጻጸር ከብዙዎቹ የተለየችውን ለመጣል መወሰንዎ የሚያስደንቅ ብልሃት ነው። እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ጠብታ ስትቆጥር የኖረች ሴት በመሆኗ፣ ንድፉ ሳይታይ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ በትሕትና ጠየቀችዎ። እርስዎም መለኪያዎን ወደ ኪስዎ እየከተቱ፣ «እትዬ፣ አሥር ጀልባ አይሳሳትም» አሏት። እህቴ መልስ አጥታ ሳይሆን ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ስለማትወድ ዝም አለች። ቤት ስንደርስ ዝም ስላላለች፣ በእርስዎ ፈንታ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄልዎታለሁ።

2ኛ. ጸሐፊዋን ትናንት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ቁልፉ የትም እንዳልሄደና ከቢሮዎ በር ጀርባ፣ ጃንጥላዎን በሚሰቅሉበት ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነገረችኝ። ዝናብ እስኪመጣ መታገሥ ሲገባኝ አሁኑኑ ጃንጥላዎን አንሥተው እንዲያዩ በማስቸገሬ አዝናለሁ።

3ኛ. በጀልባችን ቁጥር ላይ የለጠፉት ቀይ የእገዳ ወረቀት ማስቲሹ እንዴት ያለ ነው! ከየት እንደገዙት ቢነግሩኝ ለሥራዬ እፈልገዋለሁ።

4ኛ. «ስህተታችንን» እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ካረምን ቅዳሜ መወዳደር እንደምንችል በመግለጽዎ ስለ ቸርነትዎ ምስጋና ይድረስዎ። እኔ አናጢ ነኝ፤ አራት ሚሊሜትር መላግ ለእኔ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ረቡዕ ማታ ልቤ ከጅሎም ነበር።

ለምን እንደከጀለ እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልንገርዎ። እህቴ ይህንንም ደብዳቤው ውስጥ መጨመሬን ስታውቅ ትቆጣኛለች፤ ትቆጣ። ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሟ ከዚህ ዓመት ወዲያ ጀልባ መምራት እንደማትችል ቁርጡን ነግሯታል። የቅዳሜው ውድድር የመጨረሻዋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሷ መሪውን ይዛ፣ እኔ የፊቱን ሸራ እየጎተትኩ ስንወዳደር ከስድስተኛ በላይ ወጥተን አናውቅም፤ ስድስተኛ የወጣነውም ሦስት ጀልባዎች እርስ በርስ ተጋጭተው በቆሙበት ዓመት ነው። በየዓመቱ እኛም እንደ ሰዉ ትንሽ እንፋቀው ስላት፣ «ከዚያ ወዲያ ብቀድም እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?» እያለች ከልክላኛለች። እንዲህ ያለች ሴት ሕግ አፍርሳለች ተብላ ከዳር ቆማ እንድታይ ሲደረግ፣ እኔ ወንድሟ አንጀቴ አሯል።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አሥራ አንዱም መሪዎች በእሱ ይለኩ። አሥሩ ቢወድቁ ብቻችንን ሐይቁ ላይ ለመዞር አንፈልግም፤ ሁሉም ባሉበት ውፍረት ይግቡ ብላለች እህቴ፣ እኔም ከትናንት ጀምሮ በግድ ተስማምቻለሁ። ዋንጫ ከማንም አንነጥቅም። እንደለመድነው ዘጠነኛ የመውጣት መብታችን ብቻ ይከበርልን።

ለፍትሐዊ ውድድር ያለዎትን ፍቅር ከጃንጥላው ማዶ ሆኖ የሚያደንቅ፣ ጉልበትዎ ቶሎ እንዲሻለው የሚመኝ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
የወፍራሙ መሪ አናጢና የፊት ሸራ ጎታች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ መላጊያዬን አስቀምጫለሁ፤ እህቴ አዝዛኝ ነው። ምላጩን በደንብ ስዬዋለሁ። መሪው መቅጠን አለበት ብለው ከጸኑ ዓርብ በአሥር ሰዓት መጥተው በገዛ እጅዎ ይላጉት። እሷ ወንበር ስባ አጠገብዎ ትቀመጣለች። የቸገራት የሩቁን ማየት ነው፤ ቅርብ ያለ ሰው የሚሠራውን እስከ ሚሊሜትሩ ታያለች።