በስልክ የዞረ ጸሎት

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3፣ 1984
ዛሬ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለሦስት መቶ ልጅ በቆሎ ቀቀልን። እግሬ አብጧል። ቤት ስገባ ልጄ ጆሊን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ምድር ቤት ዳይስ እየወረወረች ትንጫጫለች። ምንድነው ጨዋታው? "ተረት ነው እማ፣ እኛው ውስጡ ገብተን የምናወራው፤ ማን እንደሚተርፍ የዳይሱ ቁጥር ይወስናል" አለችኝ። ሳቋን ሰማሁት... አባቷ ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 5
ከቤተ ክርስቲያን ወረቀት መጣ። ያ ጨዋታ የሰይጣን በር ነው ይላል። የተጫወቱ ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል ይላል። ወርጄ የጨዋታውን መጽሐፍ አየሁ። ሽፋኑ ላይ ቀንዳም ጭራቅ! የባሌ እህት ኦፓል ጋ ደወልኩ። የጸሎት ሰንሰለቱን የምታስጀምረው እሷ ናት፤ ለአንዷ ትደውላለች፣ ያቺ ለሌላዋ... አሥራ አራተኛዋና የመጨረሻዋ እኔ። "ለልጄ ጸልዩልኝ፣ ስሟን ግን አታንሺ። ጭራቅ ያለበት ጨዋታ ይዛለች።" ያልኩት ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 6
ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ደረሰ። አሥራ ሦስተኛዋ ቢውላ ናት የደወለችው። "ማርዲስ፣ ጉድ ሰማሽ? እዚሁ ከተማችን አንዲት ልጅ ምድር ቤት ድመት አርዳ ደሟን ጠጣች አሉ። ስሟን አልነገሩንም። ጸልይላት።"
ድመታችን ፍሪጅ ላይ ተኝታለች... ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ። "እሺ፣ እጸልያለሁ" አልኩ። ልጄ ናት አላልኩም። ለምን አላልኩም?

እሑድ፣ ኦክቶበር 7
ፓስተሩ በሚቀጥለው እሑድ ግቢው ውስጥ በርሜል ውስጥ እሳት ይነድዳል፣ መጻሕፍቱን አምጡ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ታውቋል ማለት ነው። ኦፓል እጄን ያዘችኝ። "እኔ ያልሽኝን ብቻ ነው የነገርኩት፣ እውነቴን ነው!" አምናታለሁ። ክፋት የለባቸውም። እያንዳንዷ በየተራዋ ቆንጠር አርጋ ጨው ጨመረችበት፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 10
ጆሊን ሳትኖር መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ከመሃል ወረቀት ወደቀ። በእጅ ጽሑፏ፦ "ሃርላን። አናጺ። ግራ እግሩን ያነክሳል። ሲስቅ ያስነጥሰዋል።" ባሌ... የኔው ሃርላን! እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።
ስትመጣ ጠየቅኋት። "እማ፣ አባባን ጨዋታው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ሦስቴ ሊሞትብን ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን መድኃኒት እየሰጡት ነው የተረፈው።" ወረቀቱ፣ የቀረው የሕይወት ጉልበቱ በቁጥር የተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል።
ካርቶኑን ቦታው መለስኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14
በርሜሉ ይጨሳል። ኦፓል፦ "መጻሕፍቱስ?"
"ሃርላን ይፈልጋቸዋል" ብያት አረፍኩት።
ፊቷ አመድ መሰለ። ውይ አፌ... ደግሞ ይሄ በስልክ ሲዞር ምን ሊሆን ነው? ባሏን ከመቃብር ጠራች ይሉኝ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20
ሳምንቱን ሙሉ ስልክ የለም። ከሰንሰለቱ አውጥተውኛል። ዛሬ ግን በሩ ተንኳኳ... ኦፓል፣ ያንን የፖም ኬኳን ይዛ። "በዓይኔ ልየው" አለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ ለጥፋ የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጆሊን ለጓደኞቿ ተረቱን ታወራለች። ሃርላን እያነከሰ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ድልድዩ ከዳው፣ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ዳይሱ ተወረወረ። መጥፎ ቁጥር። ልጆቹ ዳይሱ ላይ አፈጠጡ።
"ምን ዝም ትላላችሁ!" ብላ ጮኸች ኦፓል። "ገመድ ጣሉለት እንጂ!"