ኮፈን ሥር የተቀመጠው ሊጥ

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ ለላቀው፤

እንዴት ነህ ላቄ? ተረከዝህ ዳነልህ? ከጃናሞራ እስከ መተማ በእግርህ ስትመጣ የተላጠው ቁስል ገና ሳይደርቅ ጉቶ ነቀላ መግባትህን የሰማሁት ከአንድ የሎሪ ሹፌር ነው። ቁረይሻ፣ ሰሊጥ እርሻው ላይ፣ አንድ ዝምተኛ የጎንደር ሰው መጥቷል፤ አይስቅም፣ ከማንም ጋር አይጣላም፣ ሲበላም ትንሽ ነው የሚበላው አለኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም። አንተ መሆንህን ወዲያው አወቅሁ።

እኛ ደኅና ነን። ውዴ ደኅና ናት፤ ማለቴ ጤናዋ ደኅና ነው። ከእኔ ጋር ግን አንተ ከሄድክ ጀምሮ የምትነጋገረው በግድ ነው። ምሳዬን ታቀርብልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረ ባሏን እንዲህ ታደርጋለች፣ አያሳዝንህም? አያሳዝንህም፣ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ አላዘንኩም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መሳደብ የሚያውቅ ምላስ ነው የተሰጠኝ፤ ሌላውን ነገር ስጀምር ይተሳሰራል። እዚህ አገር «ማሌሽ»፣ ምንም አይደል፣ ይሉና ያልፋሉ፤ እኔ ለአንተ ማሌሽ ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር፤ ከመኪናዋ።

የአዋላጇ የራሒማ መኪና ተሠርታ አለቀች። ከሟች ባሏ የቀረችላት ነጭ ሂልማን፣ ያቺ እንግሊዞች ከሠላሳ ዓመት በፊት ያስመጧት። አስታውስ እንደሆነ፣ ጋራዥ በመጣህ በሁለተኛው ቀን ሞተሯ ሲግል አይተህ «ወንድም ጋሼ፣ ጠምቷት ነው፤ አጠጣት እንጂ» ብለኸኝ ነበር። ሳቅኩብህ። ክዳኑን ብከፍተው በእርግጥም ውሃዋ አልቋል። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለክብሬ ሳስቼ።

ለምን ያን ያህል እንደተናደድኩ እንድታውቀው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። የራሷ ሞተር ተሰንጥቆ ስለነበር ከተገለበጠ ፒክአፕ የነቀልኩትን ሞተር ገጠምኩላት። ሞተሩ ገባ፤ ችግሩ ከላዩ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የሚቀመጠው ማኒፎልድ በሚባል የብረት ቱቦ ላይ ነው፤ ማኒፎልዱ ድብልቁን ለአራቱ ሲሊንደር ያከፋፍላል። የፒክአፑ ማኒፎልድ ቁመቱ ረጅም ነው። ፒክአፕ አፍንጫው ከፍ ያለ ስለሆነ አያስቸግረውም፤ የራሒማ መኪና ግን ኮፈኗ፣ የሞተሯ መክደኛ፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ዘጋሁት ስል አራት ጣት ክፍት ይቀራል።

የጋራዡ ሰው ሁሉ አንድ ምክር ነበረው፤ ኮፈኑን ብሳውና ካርቡራተሩ ይውጣ! ጨርቅ የሚቀዱ ነው የሚመስላቸው። አቧራው የት ሊገባ ነው? ዝናቡስ? ደግሞ ባሏ በየዓርቡ ሲወለውለው የኖረውን ኮፈን በመጋዝ ስቆርጠው ራሒማ ቆማ ልታየኝ ነው? እምቢ አልኩ። ኮፈኗ ሳይነካ የሚገጥም ማኒፎልድ መፈለግ ያዝኩ።

አንዱን ከወንዝ ዳር ከውሃ መሳቢያ ሞተር አገኘሁ። ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ መኪናዋን ያፍናታል። ምጥ ለያዛት ሴት ስትሄድ ዳገት ላይ የምትቆም መኪና ለራሒማ ምን ትሠራላታለች? ሌላውን ሾዋክ ድረስ ሄጄ፣ ከተጣለ የሰው ማመላለሻ ፈትቼ አመጣሁ። እሱ ዝቅ ያለም ነው፣ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ከጭስ ማውጫው ጋር ስለሚጠጋ በዚህ በገዳሪፍ ሙቀት ቤንዚኑን ያፈላዋል። ከካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ዝርግ መግባት አለበት፤ ዝርጉ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ካርቡራተሩ ወደ ኮፈኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኮፈኑ ሲዘጋ በውስጡ ስንት ክፍተት እንዳለ በትክክል ማወቅ ነበረብኝ።

በተዘጋ ኮፈን ውስጥ ያለ ክፍተት በምን ይታያል? በሊጥ ነው። ጎንደር ሳለሁ ሥራውን ያስተማረኝ ጣሊያን እንደዚያ ነበር የሚለካው። ትንሽ ሊጥ ካርቡራተሩ ላይ ከሚቀመጠው አየር ማጣሪያ፣ ከፊልትሮው፣ ጫፍ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ኮፈኑን ትዘጋለህ፣ መልሰህ ትከፍታለህ፤ የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተቱ ነው። ስንት መኪና እንደዚያ ለክቻለሁ። አንድም ቀን ሊጡ እህል መሆኑን አስቤ አላውቅም። ያገሬ ሰው በረሃብ እያለቀ በየቀኑ በዚህ ከተማ ሲያልፍ እያየሁ እንኳ አላሰብኩም።

ያን ቀን የሆነውን ታውቀዋለህ፤ እኔ ያየሁትን ደግሞ ስማ። ውዴ ካቦካችው የዱራ ማሽላ ሊጥ ቆንጥራ ሰጠችኝ፣ ፊልትሮው ላይ አስቀመጥኩና ኮፈኑን ዘጋሁ። ጎረቤታችን የማርሽ ሳጥን እናንሣ ብሎ ጠራኝ። ስመለስ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሊጡ የለም፣ አንተ አጠገቡ ቆመሃል፣ ጣቶችህ ላይ ሊጥ አለ።

ዐይኔ ቀላ። «ከብረት ላይ የምትልስ ሆዳም! ይኸን ሁሉ ጊዜ ውዴ ስታበላህ ከርማ አሁንም አልጠገብክም?» አልኩህ። ስምንት ሰው ሰምቷል። ራሒማ መኪናዋን ልታይ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር፣ እሷም ሰምታለች። አንተ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ብለህ ጀመርክ። «ዝም በል!» አልኩህ። በማግስቱ ስንነሳ ዱላህና ጋቢህ አልነበሩም።

እንደገና ለመለካት ሊጥ ብጠይቅ ውዴ አልሰጥም አለችኝ። «ሊጡን የሰጠሁት እኔ፣ ብረት ላይ ያስቀመጥከው አንተ፣ የተሰደበው እሱ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ፊቷን ያዞረችው። እኔም በግትርነቴ ከደጅ ጥቁሩን አፈር በውሃ አርሼ በጭቃ ለካሁ። የገዳሪፍ ጭቃ የያዘውን አይለቅም፤ ግማሹ ኮፈኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ግማሹ ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ ዝርግ ቆርጬ ሁለቱም ጊዜ ወፍራም ሆነ፤ ሞተሩ ሲነሳ ፊልትሮው ኮፈኑን ከሥር ይደበድበዋል። ያን ጊዜም የማማው አንተን ነበር። «ያ ሆዳም ልኬን በልቶብኝ» እል ነበር፣ ላቄ። እውነቱን ልንገርህ ካልኩ ይህንንም መንገር አለብኝ።

ባለፈው ሰኞ ለጓርኒሲዮን፣ በብረቶቹ መሀል ለሚገባው ማሸጊያ፣ የሚሆን ወረቀት ፍለጋ በመሰላል ወጥቼ ከጋራዡ ጣሪያ ቆርቆሮ ሥር ወዳለው ወራጅ እጄን ሰደድኩ። አንድ ትንሽ ቋጠሮ ነካሁ። ጨርቁን እንዳየሁት አወቅሁት፣ ከጋቢህ ጫፍ የተቀደደ ነው። ስፈታው ሊጡ ነው። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በአንድ በኩል የፊልትሮው ብሎን ማኅተሙን አሳርፎበታል፣ በሌላው በኩል የኮፈኑ ጎድን። ዘይት የነካውን ቦታ በጥፍርህ ፍቀህለታል። ጥርስ ያረፈበት ቦታ ፈለግሁ። አዎ፣ ፈለግሁ፤ ባገኝ ይቀለኝ ነበር። የለም።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ እናታችን ትዝ አለችኝ። መሬት የወደቀ እህል ስታይ አንስታ፣ ስማ፣ እግር ከማይደርስበት ቦታ ታስቀምጠው ነበር። አንተም ወንድም ጋሼ ሊጡን ረስቶት ሄደ ብለህ ነው፣ አይደል? ከዘይትና ከብረት መሀል አውጥተህ፣ እንደ እሷ ስመህ፣ ከፍ ካለ ቦታ ያኖርከው፣ ስመለስ ልትሰጠኝ። ስሰድብህ ቋጠሮው ከራሴ በላይ ነበር። ወጥተህ ብታወርደው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታሳፍረኝ ነበር። አላወረድከውም።

ሰባት ወር የተራበ ሰው ነህ። እናታችንን በእጅህ የቀበርክ አንተ ነህ፤ ለራስህ የደረሰህን ለእሷ ስታጎርስ እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው እንጂ አንተ አልነገርከኝም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሷ ርቄ በልቼ የማድር፣ አንተን ሆዳም አልኩህ። ምላሴን በቆረጠው ይሻለኝ ነበር። በድዬሃለሁ ወንድሜ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገርህና ሳቅብኝ። ከመሰላሉ ወርጄ የውፍረት መለኪያዬን፣ ካሊፐሩን፣ አወጣሁና ሊጡን ለካሁት። የእጅ ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ! አሥራ ስምንት ሚሊሜትር። ሲደርቅ ይኮማተራል ብዬ አንድ ጨመርኩበት። ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ውዴ ድምፅ ሰምታ መጣች፤ ሊጡን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ መልሳ ቋጥራ ወሰደችው። ያን ቀን ምሳዬን ስታቀርብ ፊቷን አላዞረችም፣ ግን አብራኝም አልበላችም።

ማክሰኞ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ስምንት ሚሊሜትር ዝርግ ቆርጬ ከካርቡራተሩ ሥር አስገባሁ። አሥራ አንድ ለሞተሩ መንቀጥቀጥ ቀረለት። ኮፈኑ ተዘጋ፣ ምንም አልነካም። ራሒማ በረመዳን ጾሟ፣ በቀትር፣ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞረችበት፤ ቤንዚኑ አልፈላም። የጋራዡ ሰው ሁሉ እንዴት አገኘኸው አለኝ። ወንድሜ ለክቶልኝ ነው አልኳቸው። ሊጡን አልበላውም ነበር ብዬ ለስምንቱም እየዞርኩ ነገርኳቸው። አንዱ ረስቶት ኖሮ የቱ ሊጥ አለኝ፤ ለእሱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

ላቄ፣ ዝናቡ ሊገባ ነው። ዳመናው በመተማ በኩል ጠቁሯል። ያ ጥቁር መሬት አንዴ ከራሰ እስከ ጥቅምት ሎሪም አያልፍበትም፤ አንተም በቆሰለ እግርህ ጭቃ ውስጥ፣ በወባው መሀል ትከርማለህ። ለእኔ ብለህ ባትመጣ ለውዴ ብለህ ና። እሱንም ካልፈለግህ ለእግርህ ብለህ ና፣ ሲድንልህ ትመለሳለህ። አንድ እናት ነበረችን፣ እሷን አንተ ብቻህን ሸኘሃት። የቀረን እኔና አንተ ነን።

በምትነቅለው ጉቶ ሁሉ ከእባብ ይሰውርህ። የእናታችን ምርቃት ውሃ ስትጠጣም ስትተኛም ከአንተ አይራቅ። ውዴ እግሩን በጨው ውሃ ይጠበው ብላለች፤ ይህን ስትነግረኝ በደንብ ነው ያየችኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ገሠሠ

ቁረይሻ፣ ቅዳሜ ረፋድ

ላቄ፣ ከላይ ፈርሜ ጨርሼ ነበር። ለሎሪ ሹፌሩ ልሰጠው ስወጣ ራሒማ ደጅ አገኘችኝ። «ኡስታ ገሠሠ፣ ያ ወረቀት ለወንድምህ ነው?» አለችኝ። አዎ ብላት የመኪናዋን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው። «ቁረይሻ ደርሳ ያልተመለሰች መኪና ወላሂ አልረከብም። ስትመለስ ደግሞ ብቻህን እንዳትመለስ» አለችኝ።

እናም እዚህ ነኝ። ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልህ። የእርሻውን ወኪል ስምህን ስነግረው በእጁ አሳየኝ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ጉቶ ትቆፍራለህ፣ ከአንተ ጋር ሃያ የሚሆን ሰው አለ። ከስተሃል። አንድ እግርህን እያሳረፍክ ነው የምትሠራው። ካየሁህ ሩብ ሰዓት ሆነኝ፣ ከመኪናው መውረድ ግን አቃተኝ።

ስድቡ በሰው ፊት ነበር፤ እርቁ በወረቀት ብቻ ቢያልቅ ይረክስብኛል። አገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይቆማል፣ ይቅር ያለው ሰው ድንጋዩን ያወርድለታል። ገዳሪፍ ኮረብታው ሥር ድንጋይ ሞልቶ ነበር፣ አላሰብኩበትም። እዚህ ጥቁር ሜዳ ላይ ብፈልግ ጠጠር እንኳ አጣሁ። ከመኪናዋ ኋላ ያገኘሁት ከባድ ነገር የመኪና ማንሻው፣ ክሪኩ፣ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ወኪሉ ያቀብልሃል። እኔ ከኋላው እየመጣሁ ነው። ታላቅ ለታናሽ አይሸከምም የሚል ካለ ይበል፣ ሃያውም ይዩኝ። ይህን መስመር ስታነብ ክሪኩ አንገቴ ላይ ነው። በደንብ አስብበት፣ አትቸኩል ልልህ ነበር፤ ግን ከባድ ነው ላቄ። ና አውርድልኝ።